«እጅሽ ይባረክ»፦ የነርሶች የእጅ ቡራኬ ምንድን ነው?

ሜሪላንድ ውስጥ ነርስ ሆና የምትሠራ ጓደኛዬ አንድ ማለዳ ከአዳር ስትወጣ ደወለችልኝ። ድምጿ ደክሟል። ግን ሳትነግረኝ መተኛት አልቻለችም።

ሊነጋ ሲል፣ ተረኞቹ ሊቀያየሩ ጥቂት ሲቀራቸው፣ የሆስፒታሉ ቻፕሊን፣ ማለትም መንፈሳዊ አገልጋይዋ፣ ትንሽ ጋሪ እየገፋች ወደ ክፍላቸው ገባች። ጋሪው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል። አንዲት የዘይት ብልቃጥና በባትሪ የሚበራ ሻማ ተቀምጠውበታል። ኦክስጅን ባለበት ክፍል እውነተኛ ሻማ አይለኮስምና ነው። ቻፕሊኗ ቀረብ ብላ «እጅሽን ልባርክልሽ?» አለቻት። ጓደኛዬ ብዙም ሳታስብ ሁለት እጇን ዘረጋች። ሴትየዋ አውራ ጣቷን በዘይቱ አርሳ በእጆቿ ጀርባ ላይ የመስቀል ምልክት አደረገችባቸው። አጭር ጸሎት አደረሰች። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ጓደኛዬ ግን ዕንባዋን መቆጣጠር አቃታት። በዚያው ሌሊት አንድ አዛውንት ሞተውባታል። ዓይናቸውን የከደነችው በዚያው እጇ ነበር።

ቤቷ ስትደርስ ሐሳብ ገባት። «ዘይት ተቀባሁ እኮ! ቀንዲል ነው? ሜሮን ነው? ንስሐ አባቴ ምን ይሉኝ ይሆን?»

ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሚኒሶታ፣ በሲያትል፣ በዳላስ፣ በሆስፒታልና በአረጋውያን መጦሪያ የሚሠሩ የአገራችን ልጆች ብዙ ናቸው። በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ ይህ ሥርዓት ይገጥማቸዋል። አንዳንዱ ደስ ብሎት ይቀበላል። አንዳንዱ ግራ ገብቶት ወደ መድኃኒት ክፍሉ ገብቶ ይቆያል። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ለመሆኑ ምን የሚሉት ሥርዓት ነው?

የእጅ ቡራኬ ማለት የነርሶችንና የሌሎች የጤና ሠራተኞችን እጅ እየነኩ ለሥራቸው መጸለይና ማመስገን ነው። በአሜሪካ ሆስፒታሎች በጣም ተለምዷል። የካቶሊክ ሆስፒታሎች ከሌላው በላይ ይዘውታል። እነዚህ ሆስፒታሎች ጥቂት አይደሉም፤ አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታል ከሚተኛው ከሰባት ሰው አንዱ የሚታከመው በእነሱ ነው። ፕሮቴስታንት ሆስፒታሎችም ያደርጉታል። ከየትኛውም ቤተ ክርስቲያን ጋር ግንኙነት የሌላቸው ሆስፒታሎችም እንዲሁ።

ቻፕሊን የሚባለው በሆስፒታሉ ውስጥ ለበሽተኞች፣ ለቤተሰብና ለሠራተኞች መንፈሳዊ እንክብካቤ የሚሰጥ ባለሙያ ነው። ካህን ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ሴትም ወንድም ይሆናል። ይህን አስታውሱልኝ፤ በኋላ ወደ ጓደኛዬ ጥያቄ ስንመለስ ይጠቅመናል።

አፈጻጸሙ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንዳንዱ ሆስፒታል ሠራተኞቹን ትንሿ የጸሎት ቤት ውስጥ ይሰበስባል። አንዳንዱ ጋሪ እየገፋ ከክፍል ክፍል ይዞራል። የሌሊት ፈረቃ እንዳይቀርበት ብለው ከንጋቱ በፊት የሚዞሩ አሉ፤ እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው። አንዳንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እሑድ በአምልኮ መሐል «ነርሶች ከቦታችሁ ተነሡ» ብሎ ጉባኤው በሙሉ ይጸልይላቸዋል።

በዘይት የሚቀቡ አሉ። በውኃ የሚረጩ አሉ። ምንም ሳይቀቡ እጅን በእጅ ይዘው ቃሉን ብቻ የሚናገሩም አሉ። በኮሮና ጊዜ መነካካት ሲከለከል ያለ መነካካት ቃሉን ብቻ የተናገሩ ነበሩ። ሥርዓቱን ግን አላቋረጡም። ይህ ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል፤ ዋናው ዘይቱ አይደለም ማለት ነው።

የሚባለው ቃል አንድ ወጥ አይደለም። ሐሳቡ ግን ተቀራራቢ ነው። ቁስል ያጠቡ፣ ሕፃን የተቀበሉ፣ የሚሞተውን የያዙ እነዚህ እጆች ይባረኩ። ሲደክሙ አንተ አበርታቸው። የሚነኩትን ሰው በርኅራኄ ይንኩት። በብዙ ቦታ ከመዝሙረ ዳዊት ይነበባል፤ በእኛ ቁጥር 89፥17፣ በእነሱ 90፥17 ላይ ያለው «የእጆቻችንንም ሥራ በላያችን አቅና» የሚለው ቃል ለዚህ ሥርዓት የተጻፈ ይመስላል።

ለምን በዚያ ሳምንት?

አሜሪካ ውስጥ የነርሶች ሳምንት የሚከበረው ከሜይ 6 እስከ ሜይ 12 ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ 28 እስከ ግንቦት 4 መሆኑ ነው። ልደታ ማርያም መሐሉ ላይ ትውላለች። ቀኖቹን ቋሚ ያደረገው የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር ነው። ሜይ 12 ደግሞ የፍሎረንስ ናይቲንጌል ልደት ነው። የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1820 ጣሊያን አገር፣ ስሟን በወሰደችባት በፍሎረንስ ከተማ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት በ1974 ይህን ቀን የዓለም ነርሶች ቀን አደረገው።

ሌላም ቀን አለ። ካቶሊኮች በኦክቶበር 18፣ በቅዱስ ሉቃስ በዓል ሰሞን፣ «ነጭ ቅዳሴ» የሚሉት የጤና ሠራተኞች ቅዳሴ አላቸው። ስሙ ከነጩ ጋውን የመጣ ነው። ሉቃስን የመረጡት ሐዋርያው ጳውሎስ «የተወደደው ባለ መድኃኒቱ ሉቃስ» ስላለው ነው። በእኛ ስንክሳር ሉቃስ የሚታሰበው ጥቅምት 22 ነው።

ጭንቅላት እያለ፣ ልብ እያለ፣ ለምን እጅ?

ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት ቀላል ነው። እኛ እኮ በየቀኑ እጅ እንባርካለን። ምግብ ያቀረበችውን «እጅሽ ይባረክ» እንላለን። ቡና ያፈላችውን ልጅ እናቶች «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ይሏታል። መርፌ ስትወጋ የማታሳምመውን ነርስ «እጇ ቀላል ነው» እንላለን፤ ሰፈር ሙሉ ወረፋ ይዞ የሚጠብቀው እሷን ነው። እጅን ከሰውየው ነጥለን አናየውም። እጅሽ ይባረክ ስንል አንቺ፣ ድካምሽ፣ ሙያሽ፣ ሁሉም ይባረክ ማለታችን ነው። የሆስፒታሉ ሥርዓትም የሚለው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ እዚያ በጋሪና በጸሎት መጽሐፍ መምጣቱ ነው።

የነርስን እጅ ቀረብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጥፍሯ አጭር ነው። ቀለም የለውም። ቀለበቷን አውልቃ በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አለች። የጣቶቿ መገጣጠሚያ ላይ ቆዳው ተሰነጣጥቋል። አንድ በሽተኛ ከመንካቷ በፊት ታጸዳለች። ከነካችም በኋላ ታጸዳለች። ጓንት ስታወልቅ እንደገና ታጸዳለች። በአንድ ፈረቃ ይህ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም እሷም አትቆጥረውም። አልኮሉና ሳሙናው የቆዳዋን ወዝ ይጠርጉታል። በክረምት ሲሆን ይደማል።

ይህ መታጠብ ግን ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ ኢግናዝ ዜመልቫይስ የሚባል ሐኪም አንድ አስደንጋጭ ነገር አስተዋለ። ሐኪሞችና ተማሪዎች አስከሬን መርምረው በዚያው እጃቸው እናቶችን ያዋልዱ ነበር። በዚያ ዓመት በኤፕሪል ወር በእነሱ ክፍል ከወለዱ ከ100 እናቶች 18 ያህሉ ሞተዋል። ዜመልቫይስ ሁሉም ሰው እጁን በክሎሪን ውሕድ እንዲታጠብ አዘዘ። በሁለት ወር ውስጥ ቁጥሩ ወደ 2 ገደማ ወረደ። ያው እጅ ገዳይ ነበር፤ ያው እጅ ታጥቦ አዳኝ ሆነ። ስለዚህ የነርስ እጅ ይባረክ ሲባል ንግግር ለማሳመር ብቻ አይደለም። በበሽተኛው ሕይወትና ሞት መካከል ያለው እጅ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስም እጅን ከፈውስ አይለይም። የጴጥሮስ አማት በንዳድ ተኝታ ሳለች ጌታ «እጇን ይዞ አስነሣት» ይላል ማርቆስ። በዚያው ወንጌል መጨረሻ «እጃቸውን በድውዮች ላይ ይጭናሉ እነርሱም ይድናሉ» የሚል አለ። የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ደግሞ የሚገኘው በባለ መድኃኒቱ በሉቃስ ወንጌል ብቻ ነው። ሳምራዊው ቁስለኛውን ሲያገኝ መጀመሪያ ምን አደረገ? ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስሉን አሰረለት። በዚያ ዘመን ዘይት መድኃኒት ነበር። ቻፕሊኗ ብልቃጥ ውስጥ ዘይት ይዛ የምትዞረው ከዚህ የተነሣ ነው።

ነርስነትና ቤተ ክርስቲያንን ምን አገናኛቸው?

መልሱ አፋችን ላይ አለ። አገር ቤት ነርስን ምን ብለን ነው የምንጠራት? «ሲስተር!» ሙስሊሟንም፣ ኦርቶዶክሷንም፣ ያገባችውንም፣ የልጆች እናትንም ሲስተር ነው የምንላት። ቃሉ እህት ማለት ነው። የመጣው ከገዳም ነው። በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት በሽተኛ የሚያስታምሙት መነኮሳትና መነኮሳይያት ነበሩ። ሙያው ከገዳም ወጥቶ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ስሙ አብሮ ወጣ። እኛም ከነስሙ ተቀበልነው።

ሥሩ ከዚያም በፊት ይጀምራል። ሮሜ 16 ላይ የምትገኘው ፌቤን ለብዙዎች ደጋፊ የነበረች የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናት። ነርሶች የሙያቸውን ታሪክ ሲጽፉ ብዙ ጊዜ ከእሷ ይነሣሉ። በአራተኛው መቶ ዓመት ደግሞ ቅዱስ ባስልዮስ አለ፤ ቅዳሴው እስከ ዛሬ በቤተ ክርስቲያናችን የሚቀደሰው። በቂሣርያ ከተማ ዳር ለድሆች፣ ለእንግዶችና ለሕሙማን ትልቅ መጠለያ ሠራ። በታሪክ ከሚታወቁት የመጀመሪያዎቹ ሆስፒታሎች አንዱ ነው። ጳጳሱ ራሱ ለምጻሞችን አቅፎ ይስም እንደነበር የቅርብ ወዳጁ ጎርጎርዮስ ተናግሯል።

ከዚያ ካሚለስ የሚባል ጣሊያናዊ አለ። ወታደር ነበር። ቁማርተኛም ነበር። እግሩ ላይ የማይድን ቁስል ነበረበትና ሮም ውስጥ ሆስፒታል ተኝቶ በሽተኛ እንዴት እንደሚንገላታ በዓይኑ አየ። ተለወጠ። በሽተኞችን የሚያገለግል ማኅበር መሠረተ። በ1586 አባላቱ ልብሳቸው ላይ ቀይ መስቀል እንዲያደርጉ ተፈቀደላቸው፤ ዛሬ የምናውቀው ቀይ መስቀል ከመቋቋሙ ከ270 ዓመታት በላይ ቀድሞ። «ወንድሞች፣ በእነዚያ እጆች ውስጥ ተጨማሪ ልብ አድርጉባቸው» ይላቸው ነበር ይባላል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1930 የነርሶች ጠባቂ ቅዱስ አድርጋዋለች። የእጅ ቡራኬ በሚደረግበት ሆስፒታል ይህ አባባል ሲጠቀስ ብትሰሙ እንግዳ እንዳይሆንባችሁ።

ናይቲንጌልም ብትሆን ከባዶ አልተነሣችም። በ1851 ጀርመን አገር ካይዘርስቬርት በተባለ ቦታ ሦስት ወር ያህል ሠልጥናለች። ቦታው አንድ የሉተራን ፓስተር ሴት ዲያቆናትን ለሕሙማን አገልግሎት ለማሠልጠን በ1836 የከፈተው ነው። ዘመናዊ ነርሲንግ ስንል ከሆስፒታል የተወለደ ይመስለናል። በብዙ መልኩ ከቤተ ክርስቲያን ጓዳ የወጣ ነው።

ፋኖሷስ?

በእጅ ቡራኬ ላይ ብዙ ጊዜ መብራት አይጠፋም። ሻማም ቢሆን፣ ጋሪ ላይ የተቀመጠ የባትሪ መብራትም ቢሆን። እሱም ወደ ናይቲንጌል ይወስደናል። በ1854 መጨረሻ ከ38 ነርሶች ጋር ወደ ስኩታሪ ሄደች። ስኩታሪ ዛሬ የኢስታንቡል ክፍል ናት። የክራይሚያ ጦርነት ቁስለኞች የተኙባት ነበረች። ሌሊት ሌሊት መብራት ይዛ ትዞራለች የሚል ወሬ በለንደን ጋዜጣ ወጣ። ከዚያ በኋላ «ባለ መብራቷ እመቤት» ሆና ቀረች። ሥዕሎች ላይ የሚታየው እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ ያለ የዘይት መብራት ነው። በእጇ የነበረው ግን እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ የቱርክ ፋኖስ ነው። አዎ፣ ያው እኛ ፋኖስ የምንለው ነው።

ይህን ስናነሣ አንድ ነገር ማስተካከል አለብኝ። ናይቲንጌል መብራት ይዛ ያለቀሰች ሴት ብቻ አይደለችም። ስኩታሪ ውስጥ በ1855 ፌብሩዋሪ ከ100 ሕሙማን 42 ያህሉ ይሞቱ ነበር። የሚገድላቸው በአብዛኛው ጥይት ሳይሆን በሽታ ነበር። በማርች የንጽሕና ኮሚሽን መጣና የፍሳሽ ቦዮቹን አስጸዳ፣ አየር እንዲገባ አደረገ። በጥቂት ወራት ቁጥሩ ወደ 2 ገደማ ወረደ። ናይቲንጌል አገሯ ተመልሳ ይህን በቁጥርና በሥዕላዊ ሰንጠረዥ ለመንግሥት አስረዳች። ፋኖሱን እንደ ምልክት የሚይዝ ሰው ይህን የሒሳብ ሥራዋንም አብሮ ቢያነሣ ደስ ይለኛል።

መብራት እንደ ምልክት አሁንም ለንደን ውስጥ ዌስትሚኒስተር አቢ በተባለው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ይዞራል። በየዓመቱ በልደቷ ሰሞን ነርሶች ይሰበሰባሉ። በአቢው ውስጥ ለነርሶች መታሰቢያ የተለየ የጸሎት ክፍል አለ። አንድ መብራት ከዚያ ይወጣል። ከአንድ ነርስ ወደ ሌላ ነርስ እጅ ይሸጋገራል። መጨረሻ ላይ የአቢው አስተዳዳሪ ይቀበሉና ታላቁ መንበር ላይ ያኖሩታል። ትርጉሙ ዕውቀት ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሞቱ ከ3,000 በላይ ነርሶችና አዋላጆች ስም የተጻፈበት መዝገብም አብሮ ይያዛል። የሚገርመው ናይቲንጌል ራሷ እዚያ አልተቀበረችም። በ1910 ስታርፍ ቤተሰቦቿ የዌስትሚኒስተርን ቀብር አልተቀበሉም። በሐምፕሺር ገጠር ባለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አረፈች። ሐውልቱ ላይ ስለ እሷ የሰፈረው የስሟ መነሻ ሁለት ፊደልና የተወለደችበትና ያረፈችበት ቀን ብቻ ነው።

እሺ፤ ታዲያ ቀንዲል ነው ወይስ ሜሮን?

ወደ ጓደኛዬ ጥያቄ ተመለስን። አጭሩ መልስ፦ ሁለቱም አይደለም።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባት ምስጢራት አሉ። ጥምቀት፣ ሜሮን፣ ቁርባን፣ ክህነት፣ ተክሊል፣ ንስሐና ቀንዲል። ሜሮን ከጥምቀት ቀጥሎ በ36 የሰውነት ክፍሎች ላይ የሚቀባ፣ የማይደገም ምስጢር ነው። ቀንዲል ደግሞ የታመመ ሰው የሚቀባው ነው። መሠረቱ ያዕቆብ 5፥14 ነው፤ የታመመ ቢኖር የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ይጥራ፣ ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት ይላል። ስሙን ልብ በሉልኝ። ቀንዲል ማለት መብራት ማለት ነው። ሥርዓቱ ሲፈጸም መብራቱ እየተለኮሰ፣ መጽሐፈ ቀንዲል እየተነበበ፣ ዘይቱ ላይ ይጸለያል። ሕመም፣ መብራትና ዘይት በእኛ ዘንድ በአንድ ቃል ውስጥ ተገናኝተዋል። ለእኔ ይህ በጣም የሚያምር ነገር ነው።

ካቶሊኮችም ሕሙማንን የመቀባት ምስጢር አላቸው። ፈጻሚው ካህን ብቻ ነው። ዘይቱም በጳጳስ የተባረከ ልዩ ዘይት ነው። የነርሶች የእጅ ቡራኬ ላይ ይህ ዘይት መጠቀሚያ አይደለም። ተቀባዩ በሽተኛ አይደለማ! ቡራኬውን የምትሰጠውም ካህን ያልሆነች ቻፕሊን ልትሆን ትችላለች። ቅድም አስታውሱልኝ ያልኩት ለዚህ ነበር። በእነሱ አቆጣጠር ምስጢር ሌላ ነው፣ ቡራኬ ሌላ ነው።

በእኛ ምሳሌ ላስረዳው። ቁርባን መቀበልና ካህኑ መንገድ ላይ አግኝተዋችሁ በመስቀላቸው ሲባርኳችሁ አንድ ነው? አይደለም። መኪና ገዝታችሁ ጸበል ሲረጭበት መኪናው ተጠመቀ አይባልም። ለጉዞው ተጸለየ ነው የሚባለው። የእጅ ቡራኬም ከዚህ ወገን ነው። ለሥራው የተጸለየ ጸሎት ነው።

እንዲህ ሲሆን ግን ከሌላ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ዘይት መቀባት ለአንድ ኦርቶዶክሳዊ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። እሱን የሚመልሱት ንስሐ አባት ናቸው። ሳምንቱ ሳይደርስ ቀድሞ መጠየቅ ይቀላል።

ግዴታ ነው? አልፈልግም ማለትስ ነውር ነው?

ግዴታ አይደለም። ቻፕሊኗ የጠየቀችው ለዚህ ነው። «ልባርክልሽ?» ብላ ነው የጀመረችው። የአሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ በአንድ ፈረቃ ክርስቲያን፣ ሙስሊም፣ ሂንዱና ምንም ሃይማኖት የሌለው ሰው አብረው ያድራሉ። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ሠራተኛን በሃይማኖቱ ምክንያት ማግለልን ይከለክላል። የሃይማኖት ተቋማት በሕጉ ውስጥ አንዳንድ ልዩ ሁኔታ ቢኖራቸውም፣ የእጅ ቡራኬ በተግባር የሚሠራው በፈቃደኝነት ነው።

መሐል ላይ የቆመ ምርጫም አለ። «ዘይቱ ይቅርብኝ፣ ጸልዩልኝ» ማለት ይቻላል። ወይም «አመሰግናለሁ፣ ለእኔ ይለፈኝ» ብሎ ፈገግ ማለት በቂ ነው። ማንም አይቀየምም። የጓደኛዬ ባልደረባ ሶማሊያዊት ሙስሊም ናት። በዚያ ጠዋት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ዝቅ አደረገች። ቻፕሊኗም አልነካቻትም። «ስለምታደርጊው ሁሉ አመሰግንሻለሁ» ብላት አለፈች። ጓደኛዬ ከሁሉም በላይ ደስ ያላት ይህ እንደሆነ ነው የነገረችኝ።

አንድ ትንሽ ተግባራዊ ነገር ጣል ላድርግ። የተቀባ እጅ ወደ ሥራ ከመመለሱ በፊት እንደተለመደው ይጸዳል። ቫዝሊንን የመሰለ ቅባት የላቴክስ ጓንትን ያዳክማል። ቡራኬውን ታጥቤ አጠፋሁት ብሎ የሚጨነቅ ካለ አይጨነቅ። መታጠቡ ራሱ የተባረከው ሥራ አካል ነው።

ቡራኬ የሰው እጥረትን ይተካል?

አይተካም። ይህን ጥያቄ የሚያነሡ ነርሶች አሉ፤ አላኮረፍኩባቸውም። አሥራ ሁለት ሰዓት ቆማ፣ ምሳ ሳትበላ፣ ሽንት ቤት እንኳ ሳትሄድ የዋለች ሴት «እጅሽ ይባረክ» ከመባል በፊት አንድ ተጨማሪ ባልደረባ ቢመደብላት ትመርጥ ይሆናል። እውነት አላት።

ማስረጃውም አለ። በ2002 በፔንሲልቬንያ በ168 ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት ታትሞ ነበር። አንዲት ነርስ ላይ አንድ በሽተኛ በተጨመረ ቁጥር፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ካሊፎርኒያ በ1999 ባወጣችውና በ2004 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ፣ አንዲት ነርስ ስንት በሽተኛ ልትይዝ እንደምትችል ወስናለች። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከሁለት አይበልጥም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ 29.8 ሚሊዮን ነርሶች እንዳሉና 5.8 ሚሊዮን እንደሚጎድሉ ገልጿል።

ስለዚህ ቡራኬና የሥራ ሁኔታ ሁለት የተለያዩ ዕዳዎች ናቸው። አንዱን መክፈል ሌላውን አይሰርዝም። ቡራኬው ደመወዝ የማይደርስበትን ቦታ ይነካል። ዓይን የከደነ እጅ ጠዋት ቤቱ ሲገባ ቁርስ መሥራት አለበት። ልጅ ማልበስ አለበት። ሌሊቱን የሆነውን አንድ ሰው አይቶት ቢያልፍ ሌላ ነገር ነው።

በእኛስ ቤት?

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ለነርሶች ተብሎ የተለየ ቀን ወይም ሥርዓት የለም። ለሕሙማን ግን በቅዳሴ ውስጥ ዘወትር ይጸለያል። ነርሷም ብትሆን ሥራ ልትገባ ስትል መስቀል ተሳልማ መሄድ ትችላለች።

የሚታሰብ ሰውም አናጣም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ጊዜ እንግሊዝ አገር ነርስነት ተማረች። ለንደን ውስጥ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ሠልጥና እ.ኤ.አ. በ1939 ብቁ ነርስ ሆነች። ከዚያም ጋይስ በተባለ ሌላ የለንደን ሆስፒታል ሠራች። የንጉሥ ልጅ ናት፤ ግን የሰው ገላ አጥባለች፣ ቁስል አስራለች። አገሯ ነጻ ስትወጣ ተመልሳ ብዙም ሳትቆይ በ1942 በወሊድ ምክንያት ወለጋ ውስጥ አረፈች። ገና 22 ዓመቷ ነበር። በስሟ የተሠራው ሆስፒታል በ1951 አዲስ አበባ ተከፈተ። ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው እሱ ነው።

ጓደኛዬ በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄደች። «አባ፣ ይፍቱኝ» ብላ የሆነውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። አባ ዝም ብለው ሰሟት። «ለሥራሽ ነው የጸለየችልሽ፤ አትሸበሪ። ለሚቀጥለው ግን አስቀድመሽ ንገሪኝ» አሏት። ከዚያ «እስቲ እጅሽን አምጪው» አሉ። ዘረጋችላቸው። የተሰነጣጠቀውን ቆዳ ቆም ብለው አዩት። በአንደኛው መዳፏ ላይ መስቀላቸውን አሳረፉ። ቀጥሎም በሌላኛው ላይ።

«ዛሬ አዳር ነሽ?» አሏት።

«አዎ አባ፤ በአንድ ሰዓት እገባለሁ።»

«በይ ሂጂና ትንሽ ተኚ፣ ልጄ።»